ጭስ የሌለበት ማድቤት

ለሰው ቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገር ልሄድ ከዳባት በምወጣበት ዋዜማ ማታ፣ ታናሽ እህቴ ሰዓዳ የስንቄን ዳቦ ስትጋግር እርጥብ ባሕር ዛፉ ጭሶ ጭሶ አፈናት። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ሲያፍናት ወደ ግቢ ትሮጣለች፤ አጥሩን ይዛ ከደባርቅ በኩል የሚመጣውን ብርድ ስትስብ ይሻላታል። ያን ማታም ተሽሏት ስትመለስ፣ «ዐረብ አገር ምግቡ በጋዝ ነው አሉ የሚሠራው። ቦታ ፈልጊልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

የደረስኩት ሳዑዲ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለች የፋብሪካ ከተማ ነው። በመጀመሪያው ምሽት በመስኮት ብመለከት ሰማይ ጥግ ላይ እሳት ይንቦገቦጋል። እኛ አገር ቤት ሲቃጠል አይቶ ዝም ያለ ሰው፣ ሰው አይባልም፤ እናም ባለ በሌለ ድምፄ ኡኡ አልኩ። አሠሪዬ ማዳም ፀጉሯ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ሮጣ መጣች። ከቁርኣን ቤት በቀረችኝ አረብኛ፣ «ከተማው ነደደ» አልኳት።

«የፋብሪካው ነው። ትርፉን ጋዝ ያቃጥሉታል።»

«ማንም አያጠፋውም?»

«ባሌ እዚያ ነው የሚሠራው። ቢጠፋ ምን ልንበላ ነው?»

ከነዳጅ ፕላስቲክ ይሠራሉ አሉ። ዳባት ውሃ የምንቀዳበት ጀሪካን መነሻው እንዲህ ያለ ቦታ መሆኑ ገረመኝ።

ማድቤቱ እውነትም ጭስ የለውም። ለሰዓዳ ብዬ ደስ አለኝ። መስኮቱ ግን ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። ምን ይሆን ብዬ አንድ ቀን ላጥ አድርጌ ከፈትኩት፤ መጀመሪያ እንደ ጥፍር ቀለም ሸተተኝ፣ ከዚያ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። በረንዳውን የወለወልኩበት ነጭ ጨርቅ ጠቆረ፤ እንደ እንጨት ጥላሸት አይደለም፣ ቅባት አለው፣ በሳሙናም አይለቅም። የማዳም ስልክ ላይ አየሩ ንጹሕ ወይም የተበከለ መሆኑ በቀለም ይታያል። እኔ ግን እሳቱን ነው የማየው፤ ወደ ባሕሩ ሲያዘነብል ደህና ነው፣ ወደ እኛ ሲያዘነብል የማዳም ልጆች ከቤት አይወጡም። ማዳም ራሷ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት በቦርሳዋ ትይዛለች።

ባለፈው ሳምንት የማዳም እህት ሠራተኛ ፈለገች። ለሰዓዳ ደወልኩላት።

«ማድቤቱ እውነት ጭስ የለውም?» አለችኝ።

«የለውም። ጭሱ ውጭ ነው።»

ሳቀች። «የውጭ ጭስ ምን ያደርጋል?»

ስለ እሳቱም፣ ስለ መስኮቱም፣ ስለ ጨርቁም ነገርኳት። እንድትመጣልኝ እፈልጋለሁ፤ ብቻዬን መብላት መርሮኛል። ደግሞ እፈራለሁ። ይህንንም አልደበቅኳት። እየሰማችኝ እያለ ሳል ያዛት፤ ወጥ እየሠራች ነበር ለካ። የማድቤቱ በር ሲንቋቋ፣ ከዚያ ነፋሱ ሲያፏጭ በስልኩ ሰማሁ። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኳት።

«እንግዲያ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እዚያ ሲያፍነኝ ወዴት ልወጣ ነው?»