ከበሮ ሠሪው የወጠረው አጥር

ሥራ የጀመርሁ ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ የገዛ ትከሻዬ ነበር። በላስታ፣ ከሙጃ ከተማ በላይ፣ ነፋስ በማያርፍበት ሜዳ ላይ፣ የዘር ድንች ማባዣ ጣቢያ ሊከፈት የአጥር ምሰሶ ይጓጓዝ ነበር። መኪናው ማሳው ድረስ ስለማይዘልቅ የቀን ሠራተኞች ከመንገዱ ዳር እያነሣን እንሸከማለን። ሌሎቹ ያገኙትን አንሥተው ይሄዳሉ። እኔ ምሰሶውን አጋድሜ፣ በአንድ ዓይኔ ጫፍ እስከ ጫፍ አይቼ ነው የማነሣው።

የአጥሩ ሥራ ፎርማን ጋሽ ደምሴ ቆመው ተመለከቱኝ።

«አንች ልጅ፣ ምሰሶ ነው የምትመርጪ ወይስ ባል?» አሉኝ።

«ቀጥ ያለውን ነው» አልኋቸው።

ሴቶቹ ምሰሷቸውን ጥለው ሳቁ። እኔ የምሬን ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሰሶ የሚቆምበትን ረድፍ በዓይን እንድለካ ከሸክሙ አወጡኝ።

ጋሽ ደምሴ ድሮ የስልክ ሽቦ ሠራተኛ ነበሩ። ብዙ ዘመን እንጨት ላይ ተሰቅለው ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ግብርና መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። «ድሮ ሽቦ የምወጥረው ከአሞራ ጋር ነበር፤ አሁን ከበግ ጋር ሆንሁ» ይሉ ነበር። ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል። ስለዚህ በለሆሳስ ሲናገሩ ሁላችንም ሥራችንን እንፈትሻለን።

የሽቦ መወጠሪያው የመጣው በእንጨት ሣጥን ነው። ሲከፈት ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆመ። ሁለት ረጃጅም ጣውላ፣ ጣውላዎቹን የሚያጣብቁ ብሎኖች፣ ሰንሰለት፣ ከዚያም ባለ ጥርስ መዘውርና ረጅም እጀታ ያለው ከባድ ብረት። አንዱ ገበሬ «ይኸማ የመዋጮ ማውጫ ነው» አለ። «እንቢ ያለውን ሰው አንገቱን ከጣውላው ያስገቡታል።» ሌላው «ኧረ ቀስ በል፣ የገበሬ ማኅበሩ ይሰማሃል» አለው። «ይስማ! እኔ ስለ ብረት ነው የማወራ።»

አሠራሩን ላላያችሁ ወጣቶች ልንገራችሁ። መረብ ሽቦው ተዘርግቶ አንዱ ጫፉ ከማዕዘን ምሰሶ ጋር ይታሰራል። ሌላውን ጫፍ ከላይ እስከ ታች በሁለቱ ጣውላዎች መካከል አስገብተን ብሎኑን እናጠብቃለን። ሰንሰለቱ ከጣውላው ወደ መወጠሪያው፣ መወጠሪያው ደግሞ ወደ ወዲያኛው ማዕዘን ይታሰራል። እጀታው ወደ ኋላ በተሳበ ቁጥር መዘውሩ አንድ ጥርስ ይሄዳል፤ ምላስ የምንላት ትንሽ ብረት ጥርሱ ውስጥ ወድቃ እንዳይመለስ ትይዘዋለች። ለማላላት ግን ሸክሙን በእጀታው ይዞ፣ ምላሷን አንሥቶ፣ አንድ ጥርስ ለቆ፣ ምላሷን መልሶ መጣል ነው። እጀታውን ሳይዝ ምላሷን ያነሣ ሰው እጁንም ሽቦውንም ያጣል።

የመረብ ሽቦው አግዳሚ ክሮች ድፍን ቀጥ ያሉ አይደሉም። በየመካከሉ ትንንሽ መጠምዘዝ አላቸው፤ ሽብሽብ እንለዋለን። ሲወጠር ሽብሽቡ እየጠፋ ይሄዳል። የጋሽ ደምሴ ሕግ አንድ ነበረች፦

«ሽብሽቡ ግማሹ ይቅር። እንደ ሕፃን ግንባር አታለስልሱት፣ እንደ ሽማግሌም አትተዉት። እንደ አርባ ዓመት ሰው ይሁን።»

«እንደ እርስዎ ነዋ!» አለች ከሴቶቹ አንዷ።

«የእኔንማ ውርጭ ነው እንዲህ ያደረገው» አሉ።

ለምን ግማሹ እንደሚቀር አልነገሩንም። እኔም አልጠየቅሁም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት፣ ጎልማሳ ሆኜ፣ ከጎረቤቶቼ ልጆች ጋር ተደርድሬ ነው። በዚያ ዕድሜ የጀመረ ሰው ምክንያቱ እስኪገባው ድረስ ሕጉን ይዞ መቆየት ይማራል። መደመርንም የተማርሁት እንደዚያ ነው። ከሥራ ስንወጣ ሙጃ ወርጄ አምስተኛ ክፍል እማር ነበር። በምሳ ሰዓት የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ስለማነብ ጣቢያው ሁሉ «ተማሪዋ» ይለኛል።

ይህን ስም ያወጡልኝ አያ ካሣ ናቸው። አያ ካሣ ከገነተ ማርያም የመጡ ከበሮ ሠሪ ነበሩ፤ የአካባቢው ደብር ሁሉ ከበሮ የሚያስጠፍረው በእሳቸው ነው። እንግዲህ ከበሮ ሠሪ ሽቦ አጥር ላይ ምን ያደርጋል ብላችሁ እንደሆነ እኔም ጠይቄያቸዋለሁ።

«ተማሪዋ፣ የእኔ ጥፋት ሥራዬን ማሳመሬ ነው» አሉኝ። «እኔ የጠፈርሁት ከበሮ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። እኔ ደግሞ በየቀኑ ይርበኛል።»

እጃቸው ግን እጅ ነበር። ገመድ ሲቋጥሩ ቋጠሮው ከገመዱ ጋር አብሮ የተፈተለ ይመስላል። የመወጠሪያውን እጀታ ሲስቡ ጆሯቸውን ወደ ሽቦው ዘንበል አድርገው፣ በጥፍራቸው መታ መታ እያደረጉ ነው። እኔ በዓይን እሠራለሁ፣ እሳቸው በጆሮ። ብዙ ጊዜ የምንደርስበት ቦታ አንድ ስለነበር ማንም ግድ አልነበረውም።

አጥሩ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ነገሩ ከረረ። ጋሽ ደምሴ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወሩ ተባለ። የቀን ሠራተኛው ይበተናል፤ መወጠሪያውን ይዞ አጥሩን እየጠገነ በቋሚነት የሚቀር አንድ ሰው ብቻ ነው። ምሰሶ የሚያይ ዓይን ያለኝን እኔንና አያ ካሣን ጋሽ ደምሴ ለዚህ አቀረቡ። እኔ ካልተቀጠርሁ ወደ ወንድሜ ቤት መመለሴ ነው፤ የወንድሜ ቤት ከሙጃ ሩቅ ነው፤ ትምህርቱም እዚያው ያበቃል። አያ ካሣም ቤት የሞላ ልጅ ነበራቸው። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን። ስለዚህ ሰሞኑን በጣም በትሕትና ነበር የምንነጋገረው፤ እሳቸው «ተማሪዋ» ማለቱን ትተው በስሜ ይጠሩኝ ጀመር።

ሁለት ጎን ቀርቶ ነበር። ጋሽ ደምሴ ለየአንዳንዳችን አንድ ጎን ሰጥተው ቀሪውን ዕቃ ሊረከቡ ወደ መንገዱ ወረዱ። እኔ ማለዳ ጀምሬ ጨረስሁ። አያ ካሣ መወጠሪያውን ተቀብለው ወደ ቀትር ገደማ፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ መወጠር ያዙ። ጫፉን ሲይዙላቸው ከነበሩት ጋር ቆሜ አየሁ።

«አያ ካሣ፣ ሽብሽቡ አልቋል እኮ።»

«አውቄ ነው።»

«ጋሽ ደምሴ ግማሹ ይቅር ብለዋል።»

«ደምሴ የሚያውቀው ቀኑን ነው። ማታ ብርድ ሲመታው መላላቱ ይቀራል? ቆዳ ብርድና እርጥበት ሲያገኘው እንዴት እንደሚሆን ለእኔ ትነግሪኛለሽ? በማለዳ ማኅሌት ላይ እንደ ጆንያ ዱፍ ያለ ከበሮ ስንቱን ካህን አሳብዷል! ለሌሊቱ ብዬ ነው የጨመርሁለት።»

እውነት መሰለኝ። ከበሮ ከአገልግሎት በፊት ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ወደ ራሴ ጎን ተመልሼ ጥቂት ጥርስ ልጨምር ወይ ብዬም አሰብሁ። ግን መወጠሪያው ከሳቸው ዘንድ ነበር፣ ሕጉም አልተሻረም፤ ተውሁት።

የጣቢያው ኃላፊ በዚያው ቀትር መጣ። ወጣት ነበር፤ ፊት ለፊት «ጓድ፣ እርስዎ» እንለዋለን እንጂ እዚህስ «አለ» እያልሁ ብጽፍ አይቀየመኝም። የአያ ካሣን ሽቦ በጣቱ ሳበው። ሽቦው ዘፈነ።

«ይኸ ነው አጥር!» አለ። «እንደ ሰፊው ሕዝብ የማይበገር!» ወደ እኔ ጎን ሄዶ ደግሞ ነቀነቀው። «ይኸኛው ለምን ይወዛወዛል?»

«ሽብሽቡ ግማሹ እንዲቀር ተብለን ነው ጓድ።»

«አጥር ነው የሠራሽው ወይስ ቀሚስ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ስለ እውነት ለመናገር እኔም ፈገግ ብያለሁ። ኃላፊው ነገ ጠዋት የቅጥሩን ወረቀት እፈርማለሁ ብሎ ለአያ ካሣ እጁን ሰጣቸው። ጋሽ ደምሴ ወደ ማታ ተመልሰው የሁለታችንንም ሽቦ ዳሰሱ። «ነገ ጠዋት እናየዋለን» አሉ፤ በለሆሳስ።

ጠዋት ሳሩ ነጭ ነበር። ሙጃ ላይ ውርጭ ሲጥል መሬቱ ከእግር በታች እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። የሌሊት ጥበቃ ስለሌለ ማንም አይኖርም ብዬ ዕቃዬን ልሸክፍ ስወጣ አያ ካሣ አጥሩ ዘንድ ቆመው አየኋቸው። ነጠላቸው ወርዶ መሬት ይጎትታል።

የማዕዘኑ ምሰሶ ወደ ውስጥ ዘምሟል። ሥሩ ያለው አፈር ተሰንጥቆ ተነሥቷል። ሽቦው ከመወጠሩ የተነሣ ሳይነኩት ያቃስታል፤ የያዘው ምስማርም አንድ በአንድ ይዘላል።

«አንች ነሽ?» አሉኝ ዘወር ብለው።

«ምን አደረግሁ?»

«ሌሊት መጥተሽ የጨመርሽበት አንች ነሽ?»

«እኔ ተኝቼ ነው ያደርሁ።»

«ታዲያ ሰይጣን መወጠሪያ ያውቃል? ይላላል ብለን ስንጠብቀው ሲከር አደረ!»

 ኃላፊው መጥቶ ይህን ቢያየው ወረቀቱ የማን እንደሚሆን ለመገመት አምስተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም። ምሰሶው እስኪወድቅ ጥቂት መቆም ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አያ ካሣ ግን ከኪሳቸው ፒንሳ አወጡና የላይኛውን ክር ሊቆርጡ አፉን ከፈቱ። ፊታቸው ከሽቦው ከአንድ ክንድ አይርቅም።

«ይቁሙ!» ብዬ ጮኽሁ። እኔ እንደዚያ መጮህ እንደምችል እኔም አላውቅም ነበር። «ቢቆርጡት ዓይንዎን ይዞት ይሄዳል!»

ፒንሳውን ጣሉት። መወጠሪያውን ከመጋዘኑ ጎትተን አመጣን። ጣውላዎቹን ከምሰሶው ራቅ አድርገን አጣበቅናቸው፤ ሰንሰለቱን ከጎረቤቱ ጠንካራ ምሰሶ ሥር አሰርን። እጀታውን ስቤ ሸክሙ ወደ መወጠሪያው ሲዞር፣ አያ ካሣ የማዕዘኑን እስር ፈቱ። ከዚያ ማላላቱ መጣ። እጀታውን በሁለት እጄ ይዣለሁ፤ ብረቱ እንደ በረዶ ነው።

«ምላሷን ያንሡልኝ። ... ይመልሱ። ... ያንሡ። ... ይመልሱ።»

«እንዲህ በአንድ በአንድ እስከ መቼ?»

«እስኪበቃው።»

«ከበሮ ሲሆንማ ጠፍሩን አንዴ ፈታ ነው» አሉ እያለከለኩ።

«ከበሮ ሰው አይገርፍም፤ ሰው ነው የሚገርፈው» አልኋቸው። በዚያ ጭንቀት መካከል ሳቁ። ሲስቁ ምላሷን ሳይመልሱ እንዳይቀሩ ፈርቼ ነበር፤ መለሷት። ሽብሽቡ አንድ በአንድ ከሽቦው ላይ መታየት ሲጀምር እሳቸው በጥፍራቸው መታ አደረጉና «በቃው» አሉ። እኔም በዓይኔ ያኔ ነው በቃው ያልሁ። አሰርነው።

ኃላፊውና ጋሽ ደምሴ ሲደርሱ ሽቦው ዳነ እንጂ ምሰሶው ዘምሞ ነበር።

«ይህን ምሰሶ ማነው ያጣመመው?» አለ ኃላፊው።

«ብርድ ነው ጓድ» አሉ አያ ካሣ።

«ብርድ እጅ አለው?»

ጋሽ ደምሴ ቀረብ ብለው፣ «ብረት ሲቀዘቅዝ ያጥራል» አሉ። «የስልክ ሽቦ በቀትር ይንጠለጠላል፣ በውርጭ ይሰበሰባል። ግማሹ ሽብሽብ የሚቀረው ለዚህ ነበር።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ትናንት ሙቀት ነበር ጓድ» አሉ አያ ካሣ።

ኃላፊው ሊቆጣ አስቦ ሳቁ ቀደመው። አያ ካሣ ግን አልሳቁም። ነጠላቸውን አነሡና፣ «ጓድ፣ እኔ ብርድን የማውቀው በቆዳ በኩል ነው» አሉ። «የወጠርሁትን ያላላችልኝ እሷ ናት። ዓይኔም የተረፈው በእሷ ነው። ወረቀቱን ለእሷ ይፈርሙ።» ከዚያ ጉድጓዱን እንደ አዲስ ሊቆፍሩ ዲጂኖ አነሡ።

ወረቀቱ በስሜ ተፈረመ። አያ ካሣ ምሰሶውን መልሰው ተክለው፣ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ወደ ገነተ ማርያም ወረዱ። በዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ልጆቻቸው ይታወሱኝ ነበር። ከሁለት ክረምት በኋላ ጣቢያው ሰው ሲጨምር መጀመሪያ ስማቸውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። መልእክተኛው «አልመጣም፤ አንዱ ደብር ከበሮው ተቀድዶለታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ብለውሻል» ብሎ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ በላስታ ቀዝቃዛ ጣቢያዎች ሁሉ መወጠሪያ ይዤ ዞሬያለሁ፤ ብዙ ሰውም አሠልጥኛለሁ። አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ አናጢ መጥቶልኛል፤ ሁሉም የየራሱን እጅ ይዞ። ለሁሉም አስቀድሜ የምሰጠው የተወጠረ አጥር ነው፤ እጀታውን ይዞ፣ ምላሷን እያነሣና እየመለሰ፣ ጥርስ በጥርስ እንዲያላላው። ለመወጠር ጉልበት ይበቃል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ ማላላቱን አስተምሩት።