አንድ ጥፋት ይዤ፣ ለአረፋ ወደ መርሳ

ወልድያ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

የአረፋ ዕለት እናቴ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ሻሽ አስይዛ ወደ መርሳ ላከችኝ። «እንኳን አደረሳችሁ ብለሽ ነገ ተመለሺ» አለች። የምሄደው እትዬ ዘይነባ ቤት ነው። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ በትዳር ሰልመው መርሳ ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ነው። እኛ ቤት ገናና ጥምቀት ያለ እሳቸው፣ እነሱ ቤት አረፋና መውሊድ ያለ እኛ ሆኖ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ለግንቦት ልደታ ቀሩ። እናቴም ተቀየመችና ለአረፋ አልሄድም አለች።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ ብዬ ስጨነቅ ነው የከረምኩት። በፋሲካ፣ እንደ ልማዳችን፣ ሁለት ወጥ ተሠርቶ ነበር፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው ሙስሊም ጎረቤታችን ያረዱት የእትዬ ዶሮ። ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ነው። እኔ ስልኬን እያየሁ የእኛን ጭልፋ የእትዬ ድስት ውስጥ ከተትኩት። ማንም አላየኝም ብዬ ዝም አልኩ።

ሲሪንቃ

መነኸሪያ ላይ በዓል ነው ተብሎ ታሪፉ ላይ ሃያ ብር ተጨመረ፤ እያጉረመረምን ከፈልን። ሚኒባሱ የሲሪንቃን የእርሻ ምርምር ማዕከል ማሳዎች ሲያልፍ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ከዚህ ወዲያ ሙቀት ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ወደ ውርጌሳ የሚሄዱ እናት ደጋግመው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ለአረፋ ነው ወይስ ለለቅሶ የምትሄጂው?»

«ለአረፋ ነው።»

«ታዲያ ፊትሽን ፍቺው። በጉን ሳትደርሺ አይጨርሱትም።»

ተሳፋሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ጥፋቴን ለእትዬ እነግራቸዋለሁ፣ አልነግራቸውም ስል ማንጎና ፓፓያ የተደረደረበት የመርሳ መንገድ ዳር ደረስን።

መርሳ

እትዬ ከበሩ ላይ አቅፈው ሳሙኝ፤ ከኋላዬ ሰው ፈለጉ።

«እናትሽስ?»

«ሥራ በዝቶባት ነው።»

ጓሮ ውስጥ ሁለት ድስት ተጥዷል። አንደኛው ባላቸው ጋሽ ሰይድ ያረዱት ነው። ሌላው ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ተብሎ ክርስቲያን ጎረቤት ያረደው በግ ነው። እናቴ ሳትመጣ ያ ሁሉ ሥጋ ለማን ነው?

«እትዬ፣ በፋሲካ ጭልፋውን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። አውፍ ይበሉኝ።»

ሽንኩርት መክተፋቸውን አላቆሙም። «አይቼሻለሁ እኮ። ሆዴን አሞኛል ብዬ ሳልቀምስ የተነሣሁት ለዚያ ነው።»

«ታዲያ ለልደታ ለምን ቀሩ?»

«እናትሽ ያልተነካውን ሳህን አየችና ፊቷ ጠቆረ። ወጤን ናቅሽው አለችኝ። በምን ፊቴ ልምጣ?»

«እውነቱን አይነግሯትም?»

«በፋሲካ ቀን ልጇን አሳልፌ ልስጥ?»

እናቴ ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«ስልኩን ስጫት» አለች።

እትዬ ስልኩን ተቀብለው ጥቂት አዳመጡ። «ማልቀሱን ተይና ነይ» አሉ። «ያንቺ ድስት እስካሁን አልወጣም። ሰይድ ምሳ እያለ ነው፤ ቶሎ በይ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ ከባጃጅ ወረደች። እህትማማቾቹ በር ላይ ተቃቅፈው ቆሙ። ጋሽ ሰይድ «እኛ እዚህ በረሃብ ልናልቅ ነው» ባይሉ የሚለቃቀቁም አይመስሉም ነበር።

መመለስ

በማግስቱ ከመርሳ እስከ ሲሪንቃ እናቴ ስትቆጣኝ መጣች፤ ወልድያ ልንገባ ስንል ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። በፋሲካ ዕለት ወዲያው ተናግሬ ቢሆን የሚደፋው አንድ ድስት ወጥ ነበር። ስለደበቅሁት ግን እትዬ በእኛ ቤት ልደታን ሳይውሉ ቀሩ፣ እሱን ደግሞ የሚመልስልኝ የለም።