ጋሼ መማል ያቃታቸው ወረቀት

እስር ቤት ጨለማ ይመስለኝ ነበር። የቶሮንቶው ክፍል ግን ነጭ ነው፤ የወለል መወልወያው ሽታ አፍንጫ ይሰረስራል፤ የብረት አግዳሚው በቀሚሴ አልፎ ይበርዳል። የያዙኝ ኢሚግሬሽን ቢሮ ፊት ለፊት፣ ስደተኞችን አትመልሱ ብለን ስንሰለፍ ነው። አንዱ ፖሊስ ቀኝ ክንዴን ወደ ኋላ ሲጠመዝዘው አልጮህኩም። ድሮም ድምፅ የለኝም።

ከቀትር በኋላ አስተርጓሚ መጣልሽ አሉኝ። በሩ ሲከፈት የቤተ ክርስቲያናችንን ጋሼ አየሁና እንባዬ መጣ። ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ቤት የፈለጉልኝ፣ የስደተኛነት ፎርሜን የሞሉልኝ እሳቸው ናቸው። "ይሄ ካናዳ ነው፣ ማንም አይነካሽም" ብለው ሰልፍ እንድወጣ ያደፋፈሩኝም እሳቸው ነበሩ።

ያበጠውን ክንዴን አሳየኋቸው። አዩትና ዞር አሉ። ከዚያ አንድ ወረቀት ዘረጉልኝ። ከፈረምኩ ዛሬውኑ እለቀቃለሁ። ፖሊስ ጣቢያው የሙያ ብቃት እውቅና ሊያገኝ ስለሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ መዝገባቸው እንዳይበላሽ ነው አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

እኔ ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ እንግሊዝኛ አላነብም። ያንብቡልኝ አልኳቸው።

"ምንም የለበትም የኔ ልጅ፣ ፈርሚ።"

ታላቅን ሰው ማስማል ነውር ነው። አንገቴን ደፍቼ ግን ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ እስቲ ማርያምን ይበሉ።"

የብዕሩን ክዳን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግሞ ከፈቱ።

"ማንም ኃይል አልተጠቀመብኝም ይላል" አሉ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያዩ። "ነገም እኮ ለሥራ የሚጠሩኝ እነሱ ናቸው።"

ብዕሩን ተቀበልኳቸው። ቀኜ አልታዘዝ ስላለኝ በግራ እጄ፣ ፊርማው በሚያርፍበት መስመር ላይ፣ በተንጋደደ ፊደል "ክንዴን ጠምዝዘውኛል" ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ።

"ይሄንንም ይተርጉሙላቸው" አልኳቸው።

ይተርጉሙት አይተርጉሙት አላውቅም። እኔ እዚያው አደርኩ። ከወራት በኋላ፣ ስፈታ እዚያ የቀረ ነጠላዬን ልወስድ ስሄድ፣ የእውቅና ሰርተፊኬታቸው በመስታወት ተደርጎ መግቢያው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ክንዴ ድኗል፤ ብርድ ሲገባ ብቻ ይጠዘጥዘኛል። ጋሼን እሁድ እሁድ አገኛቸዋለሁ። እንደ ድሮዬ አንቱ እላቸዋለሁ፣ ጎንበስም እላለሁ። ለሰላምታ የምዘረጋላቸው ግን ግራ እጄን ነው። አንድም ቀን ለምን ብለው አልጠየቁኝም።