ያልታጠበው አስታጣቢ

ይህ ነገር ሊጻፍ ይገባዋል? እኔ እንጃ። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልተሸለመበትም፤ የተዋረድኩትም እኔ ብቻ ነኝ። ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

የጤና አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህሬ እዚህ ሐዋሳ የባጃጅ ባትሪ በሚጠግን ወርክሾፕ የሠራተኞቹ ደም ውስጥ ምን ያህል እርሳስ እንዳለ ሊለኩ ሲሄዱ እኔንም አስከተሉኝ። እርሳስ ከተፈታ ባትሪ የሚወጣው ብረት ነው፤ ብናኙ እጅ ላይ ይቀርና ከጉርሻ ጋር ሆድ ይገባል። ሥራዬ ሰዎቹን ደም ከመስጠታቸው በፊት በጆግ ውሃና በሳሙና ማስታጠብ ነበር። በደስታ መሬት አልበቃኝም።

ስንገባ ሠራተኞቹ እጃቸው ስለቆሸሸ እንደ ወጉ አንጓቸውን ዘረጉልን። መምህሬ አንጓቸውን ያዙ። እኔ ግን የናቅኋቸው እንዳይመስላቸው ብዬ የሁሉንም መዳፍ እየፈለግሁ ጨበጥኩ።

ችግሩ ጋሼ ነበሩ፤ የወርክሾፑ አንጋፋ። ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው ወራት ሆኖታል፤ ከሁሉም ይልቅ ምርመራው የሚያስፈልገው ለእሳቸው ነው። «እኔ ለመርፌ እጅ አልሰጥም» ብለው ቁጭ አሉ። እሳቸው ሳይቀድሙ ደግሞ ማን ይቀድማል?

«ጋሼ፣ አያምም እኮ! ይኸው ላሳይዎት!» ብዬ ጣቴን ለመምህሬ ዘረጋሁ። አስታጣቢው ራሱ አልታጠበም ብሎ ማን ይጠረጥራል? በአልኮል ጥጥ ጠረግ አድርገው ወጉኝ።

መሣሪያው ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቁጥሩን አወጣ። መምህሬ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩት።

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ።

«ከፍተኛ ነው። በጣም ከፍተኛ።»

ቤቱ በሳቅ አውካካ።

«ዶክተሩ ሙሉ ቻርጅ ነው! ባጃጅ ላይ ግጠሙት!»

«ተደብቆ ባትሪ ይፈታል እንዴ?»

ለእናቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ እያልኩ ሳለ መምህሬ መዳፌን ገለበጡት። ጥቁር ነበር።

«አንተ ታጥበሃል?»

«የለካነው ደምህ ውስጥ ያለውን ሳይሆን እጅህ ላይ ያለውን ብናኝ ነው!» አሉ። ጋሼ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው የራሳቸውን መዳፍ ማየት ጀመሩ።

«እሱ አንዴ ጨብጦን ይሄን ያህል ከያዘ፣ እኔ በዚህ እጅ ስንት ዓመት ጎረስኩ?»

ተነሡና ጆጉን ከእጄ ወሰዱ። «ና፣ መጀመሪያ አንተን ላስታጥብህ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎማ እኔን...»

«ዝም በል፣ ሙሉ ቻርጅ!»

ከታጠብኩ በኋላ የእኔ ቁጥር ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። የእሳቸው ግን ታጥበውም ከፍ ያለ ሆነ። በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ሄዱ፤ ባትሪ መፍታቱን ለሌሎች ትተው ደንበኛ መቀበል ያዙ። በየወሩ ከመምህሬ ጋር ልንለካቸው ስንሄድ ገና ከበሩ «ሙሉ ቻርጅ መጣ!» ይላሉ፤ እጃቸው ግን ታጥቦ ይጠብቀናል። ቁጥሩም ቀስ እያለ ወረደ፤ ቁርጠቱም ለቀቃቸው።

ሐኪማቸው «ከእንግዲህ በየወሩ መለካት አያስፈልግዎትም» ያላቸው ቀን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስደው ዓሣ ጋበዙኝ። ከመብላታችን በፊት ሁለት ጊዜ አስታጠቡኝ። ሐሙስ፣ ሰኔ 5 ቀን ነበር።