አባ አሻግርን ፍለጋ

ማለዳ፣ ባሕር ዳር

ሰማዩ ገና ሳይቀላ መናኸሪያ ደረስኩ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ማታውኑ ደዋውዬ አጣርቻለሁ፤ ቢሆንም ሹፌሩን ደግሜ ጠየቅሁት።

«እህት፣ ባይከፈት እኔስ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለኝ።

መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ነጠላ፣ ውሃ፣ የስልክ መሙያ እና አንድ እስር ጧፍ አለ። ጧፉ ለአባ አሻግር ነው።

አባ አሻግር ማን እንደሆኑ ላስረዳ። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አነስተኛ አሳታሚ ቤት ጽሑፍ አርማለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው የነገሥታት፣ የፈረሰኞችና የግቢ ኑሮ ልብ ወለድ ነው፤ ጥሩውን ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። በአብዛኛው ንጉሡ እንደ ዜና አንባቢ ይናገራል። ፈረሰኛው አይርበውም፣ ፈረሱ አይደክመውም፣ እልፍኝ ውስጥ ማንም አያስነጥስም። ባለፈው ዓመት ቴሌግራም ላይ «ነጋሪቱ ሳይመታ» የሚል ተከታታይ ጽሑፍ አገኘሁ። እዚያ ንጉሡ ጥርሱን ያመዋል፤ እሱ ማኘክ ስላቃተው መኳንንቱ ሁሉ ቆሎ እንዳይሰማባቸው አፋቸው ውስጥ አርሰው ይውጣሉ። አጋፋሪው ባለጉዳይ የሚያስገባው እግሩን አይቶ ነው። አንድ ቀኛዝማች፣ አሽከሩ ስለታመመበት፣ የኮርቻውን ጠፍር ራሱ ይሰፋል። አንብቤ ስጨርስ ከዚያ ሰፈር የተመለስኩ መሰለኝ።

ጽሑፉ አላለቀም። ቀኛዝማች ደርሶ የሚባለው የፈረሰኞች አለቃ በጦርነቱ ዋዜማ ድንኳኑ ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። ነጋሪቱ ይመታል፣ ፈረሰኞቹ ያለ እሱ ወንዙን ይሻገራሉ፤ ከተሻገሩት አንድም አይመለስም። አሽከሩ ይህን አያውቅም። ጌታዬን ልቀስቅስ ወይስ ልተው እያለ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ጽሑፉ ተቋረጠ። ወራት አለፉ።

የጸሐፊው ስም «አባ አሻግር» ነው፤ ፎቶው የጣራ ገዳም ደጅ። ስለዚህ መነኩሴ ናቸው ብዬ «አባቴ፣ ይባርኩኝ» ስል ጻፍኩላቸው። «አሜን» የሚል መልስ መጣ። በመጽሐፍ እንድናሳትመው ጠየቅሁ። ከብዙ ቀን በኋላ «መቀጠል አልችልም። ፈቃዱ የኔ አይደለም» አሉኝ። የአበምኔቱ ነው ማለት ነው ብዬ ተረዳሁ። አለቃዬ ጋሽ ሰሎሞን ደግሞ ጥር ሳይገባ ፈቃዱን ካላመጣሁ እሳቸው የመረጡትን እንደምናትም ነግረውኛል። የሳቸውን ምርጫ አንብቤዋለሁ። ንጉሡ ዜና ያነባል። እኔ የመረጥኩት መጽሐፍ እስካሁን ታትሞ አያውቅም።

ረፋድ፣ ከሐሙሲት ወዲያ

ሐሙሲት ላይ ሻይና ፓስቲ አለ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«ጣራ ገዳም።»

«ስለት ነው፣ ልጄ?»

«አይ፣ ለመጽሐፍ ነው።»

«የጸሎት?»

«የ... ልብ ወለድ።»

እናትየው ፓስቲያቸውን አጥፈው ያዙ። «ከገዳም?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቁኝም።

የጉማራን ድልድይ ስናልፍ ፎገራ ተዘረጋ። ሩዙ ታጭዶ እዚህም እዚያም ተከምሯል፤ ቃርሚያው ላይ ቀንዳቸው አጠር ያለ ላሞች ተበትነዋል፤ በመስኖው ዳር ሴቶች ጎንበስ ብለው የሽንኩርት ችግኝ ይተክላሉ። ምድሩ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። ሳላስበው ፈረሰኞቹ በየት በኩል እንደተሻገሩ ስፈልግ ራሴን አገኘሁት። ያልነበረ ጦርነት የተደረገበትን ቦታ በመስኮት መፈለግ ምን ይባላል?

ቀትር፣ ጣራ ገዳም

ወረታን አልፈን፣ ርብን ተሻግረን፣ አዲስ ዘመን ወረድኩ። ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያም በእግር። ወደ ላይ ሲወጣ የሜዳው ሙቀት ይቀራል፤ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ደጁም በትክክል የፎቶው ደጅ ነው። ነጠላዬን አስተካክዬ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ዘንድ ቀረብኩና መስቀል ተሳለምኩ።

«አባቴ፣ አባ አሻግርን ፈልጌ ነበር።»

«አባ ማን?»

«አባ አሻግር። የሚጽፉት።»

«እንዲህ የሚባል አባት እኛ ዘንድ የለም፣ ልጄ። ምንድን ነው የሚጽፉ?»

«ስለ ንጉሥ፣ ስለ ፈረሰኞች...»

«መነኩሴው?»

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት። «ደጁ የኛ ነው። ስሙ የኛ አይደለም» አሉና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ይስቃሉ።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ፈረስ ነው።»

«አቤት?»

«ፈረስ። ወረታ ላይ ሰይድ የሚባል ጋሪ ነጂ ነበር። እኔ ገና ሳልመነኩስ፣ ክረምት ርብ ሞልቶ መንገዱ ሲሰጥም በጋሪው የሚያሳልፈን እሱ ነው። ፈረሱን አሻግር ይለው ነበር። እኛም ለቀልድ፣ እንደ ድሮ ጌቶች፣ ሰይድን አባ አሻግር እንለው ነበር።»

ፊቴ ጋለ። የድሮ ሹማምንት በፈረሳቸው ስም «አባ እገሌ» ተብለው ይጠሩ እንደነበር ማንም ያውቃል። ያን ሁሉ የፈረሰኛ ታሪክ ያነበብኩ እኔ ይህን እንዴት እንደሳትኩት አላውቅም። የገዳም ፎቶ አየሁ፣ አባ የሚል አየሁ፣ ተሳለምኩ።

«ሰይድ አሉ?»

«ዐርፏል። ልጁ ጨርቅ ትሸጣለች። ወረታ፣ የደብረ ታቦሩ መገንጠያ ጋ ሂጂና የሰይድ ልጅ የት ናት በይ።»

ተሰናብቼ ግማሹን ቁልቁለት ከወረድኩ በኋላ ነው ጧፉን ሳልሰጣቸው መምጣቴ ትዝ ያለኝ። ልመለስ አልኩ፣ አፈርኩ፣ ወረድኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ወረታ

መገንጠያው ላይ የጭነት መኪና ጡሩንባ፣ የባጃጅ ጥሪና የሩዝ መፈልፈያው ጩኸት አንድ ላይ ይሰማል። የመፈልፈያው ገለባ ከነፋሱ ጋር መጥቶ ቅንድብ ላይ ያርፋል። ሱቁን ወዲያው አሳዩኝ። ጣቃ ጣቃው እስከ ጣሪያ የተደረደረ ነው፤ መሐሉ ላይ አንዲት ጎልማሳ ሴት ሂጃባቸውን ወደ ኋላ አድርገው ጨርቅ ይለካሉ። ገበያተኛ ስለነበር መጀመሪያ ሻሽ ገዛሁ። መልሱን ስቀበል ቀስ ብዬ «አባ አሻግርን ፈልጌ ነበር» አልኩ።

መቀሱ ቆመ።

«ይባርኩኝ ባይዋ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እኔስ ምን ልበል ታዲያ? አሜን አልኩ። ዱዓ አይመለስም።» ስማቸው ዘሃራ ነው። በርጩማ ሳቡልኝ። «ፎቶውን አዲስ ዘመን ለቅሶ ሄጄ ነው ያነሣሁት። የራሴን ፊት ለጥፌ ስለ ንጉሥ ጥርስ ልጻፍ? ምሳ በልተሻል?»

አልበላሁም። ጾም መሆኑን አስበው ፊት ለፊት ካለው ቤት በየዓይነቱ አስመጡልኝ፤ እንጀራው የሩዝና የጤፍ ነው፣ ለስላሳ። እየበላሁ ጧፉን አውጥቼ ለማን እንዳመጣሁት ነገርኳቸው። ሳቁና ተቀበሉኝ። «መብራት ሲጠፋ እጽፍበታለሁ። ማለት፣ ከጻፍኩ።»

«ፈቃዱ የማን ነው እትዬ ዘሃራ?»

«የአያ ተገኘ። አሁን ይመጣሉ። ሩዛቸውን እስኪፈለፍሉላቸው እዚህ ነው የሚጠብቁ።»

አያ ተገኘ የሜዳው ገበሬ፣ የሟቹ የሰይድ የልብ ወዳጅ ናቸው። ሰይድ የሞቱ ዕለት ጋሪውን ራሳቸው ነድተው ለቀስተኛ ያመላለሱት እሳቸው ናቸው። የአያ ተገኘ ቅድመ አያት ቀኛዝማች ደርሶ ይባሉ ነበር። እትዬ ዘሃራ ሲጽፉ ይህን አያውቁም ነበር፤ ስሙን የመረጡት ደስ ስላላቸው ብቻ ነው።

«ቀኛዝማቹ የሚተኛበት ክፍል የወጣ ቀን ወረታ ሁሉ አነበበው» አሉኝ። «ስሙን ልለውጥ አልኩ። አያ ተገኘ፣ 'ብትለውጪው፣ እውነት ሆኖ ነው የለወጠችው ይሉኛል' አሉ። በጦርነቱ ይሙት ልበል? አልሆነልኝም፤ ሰውዬው ደክሞታል፣ ጠፍር ሲሰፋ ነው ያመሸ። ስለዚህ ተውኩት። እሳቸውን አስከፍቼ የምጽፈው ነገር የለም።»

ወዲያው አንድ ረጅም ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ገቡ። ከሰላምታ በፊት «ዘሃራ፣ ነቃ?» አሉ።

«አልነቃም፣ አያ ተገኘ።»

«እስካሁን? ይኼ ሰው ሞቷል እንጂ አልተኛም።» እኔን አዩ። «ይህችኛዋ የማን ናት?»

ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ሲነገራቸው ተቀመጡ። «ልታትሚው? እስካሁን የሳቀብኝ ወረታ ነው። አሁን ባሕር ዳር ይጨመር?»

«ልብ ወለድ ነው እኮ፣ አባባ» አልኩ። «እውነተኛው ቅድመ አያትዎ አይዶሉም።» «አይደሉም» በማለት ፈንታ በሜዳው ሰው አነጋገር መናገሬን ከአፌ ካወጣሁ በኋላ ነው የሰማሁት።

«ታዲያ ስሙን ምን አመጣው? ማዕረጉንስ? አባቴ ይሙት፣ ቅድመ አያቴ ነጋሪት እየተመታ የሚተኛ ሰው አይዶለም። መፈልፈያ ቤት እንዴት አደሩ ሲሉኝ እንኳ 'አደሩ'ን ይጎትቷታል።»

«አንብበውታል?»

«አማቼ ነው የነገረኝ። እየሳቀ።»

እኔ ሰው ፊት የማንበብ ነገር አይሆንልኝም፤ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እንኳ የራሴን ጥናት ጓደኛዬ ናት ያነበበችልኝ። «ላንብብልዎት?» ያልኩት እኔ መሆኔን ለማመን ቸገረኝ። ስልኬን ከፍቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

«ጮክ በይ። እየጸለይሽ ነው እንዴ?»

ጮህኩ። በንጉሡ ጥርስ ላይ «ቅርንፉድ አጡ?» አሉ። በጠፍሩ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እውነት ነው፣ የረጠበ ጠፍር ይከዳል።» ሁለት ሴቶች ጨርቅ ሊገዙ ገብተው ሳይገዙ ቆሙ። ቀኛዝማች ደርሶ ሲተኛ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ነጋሪቱ ሲመታ አልገለጡም። አሽከሩ ደጃፉ ላይ ሲደርስ «አለቀ» አልኩ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቀኛዝማቹ አግብቷል?»

እትዬ ዘሃራ መለሱ። «ገና ነው። ሠርጉ ለጥር ነው የተቀጠረ።»

«ልጅ የለውም?»

«ከየት አምጥቶ?»

«ከተሻገሩት የተመለሰ አለ?»

«የለም።»

ዱላቸውን አንሥተው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «አሁን ቢነቃ ያፍራል። ብቻውንም ቢሆን ይሻገራል። ያን ጊዜ ሰው ያፍር ነበር።»

«ይሻገራል» አሉ እትዬ ዘሃራ፣ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ይኼን አሽከር ምን አቆመው? ሂድ በይው። ተሻግሮ ከቀረ እኔ ከማን ልወለድ ነው?» ወደ መፈልፈያው አቅጣጫ በአገጫቸው አሳዩ። «እዚያ የሚስቁብኝስ የማን ልጆች ናቸው? የተሻገሩት እንደሁ ልጅ አልተዉም። ሁላቸውም ከተኛ ሰው ነው የመጡ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ።»

«ይጻፍ ማለትዎ ነው?»

«ይተኛ። አትቀስቅሱት።» ተነሡ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ፈረሱ ግን አልተኛም። ሌሊቱን ሁሉ ቆሞ ነበር። ይኼ ይጻፍልኝ።»

እትዬ ዘሃራ ጀርባቸውን ሰጥተውን ጣቃ ማስተካከል ጀመሩ፤ የተስተካከለውን ጣቃ።

አመሻሽ፣ ወደ ባሕር ዳር

ጠዋት የመጣሁበት ሹፌር ነው የመለሰኝ። ከእናትየው ጋር ያወራነውን ሰምቶ ኖሮ «መጽሐፉ ተገኘ?» ሲል «ግማሹ፤ ግማሹ ሊጻፍ ነው» አልኩት። ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ጉማራ ላይ ፀሐይዋ ከሩዝ ክምሮቹ ኋላ ገባች። ስልኬ ላይ የጋሽ ሰሎሞን መልእክት አለ፦ «መነኩሴው ፈቀዱ? ሽፋኑ ላይ ታሪክ ይባል ልብ ወለድ?»

መልስ መጻፍ ጀመርኩ። «መነኩሴ አይደሉም፣ ፈረስ ናቸው» ብዬ አጠፋሁት። «ልብ ወለድ ነው» ብዬ ጻፍኩና የሽማግሌው ዱላ ትዝ ሲለኝ አጠፋሁት። ቀኛዝማቹ ያልነበሩ ከሆነ ዛሬ ከሰዓት ፈቃድ የሰጠኝ ማን ነው? የነበሩ ከሆነስ እትዬ ዘሃራ እንቅልፋቸውን እንዴት አወቁ? «ታሪክ» አልኩ፤ እሱንም አጠፋሁ። ሜዳው ጨለመ።

«እህት፣ ንቂ። ደርሰናል።»

ረዳቱ ነው። መናኸሪያው መብራት በርቷል፤ መኪናው ባዶ ነው፤ ስልኩ እጄ ላይ እንዳለ ነበር። ነጠላዬን ሰብስቤ ወረድኩና እዚያው ቆሜ ለጋሽ ሰሎሞን ጻፍኩ፦

«ፈቅደዋል። የፈቀዱት ማን እንደሆኑ ቢሮ ስመጣ ይጠይቁኝ፤ በስልክ አይገባም።»