የኔን ቀኖና አባቴ ሰገደ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለጓደኞቼም፣ ለነፍስ አባቴም። ለነፍስ አባቴማ ምን ብዬ? የኔና የአባቴ የነፍስ አባት አንድ ናቸው፤ በኔ ኃጢአት ለአባቴ ቀኖና የሰጡት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፣ ነገሩን ላስቀድመው። ልጄን መታሁ። ግንባሯን ፈነከትኳት። ከዚያ አባቴ የመታት አስመሰልኩ። አይ፣ "አስመሰልኩ" ብሎ ነገር ምንድን ነው? ዋሸሁ። አባቴ ነው የመታት አልኩ።

አባቴ ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ ግን የክፋቴን ልክ አታውቁትም።

አባባ ቁም ጸሐፊ ነው። እዚሁ ጎንደር፣ ከደብራችን አጥር ሥር ባለች ቤት ውስጥ ብራና ላይ ዳዊት ሲጽፍ ነው የኖረው። ሰው መሪጌታ ይለዋል። በወጣትነቱ ክፉኛ ቁጡ ነበር ይላሉ። "ይላሉ" የምለው እኔ ስላላየሁት ነው፤ ያየው ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ተጽፎ ሊያልቅ የደረሰ ብራና ላይ ቀለም ደፋ። አባባ በጥፊ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድሜ ግራ ጆሮ አይሰማም። አሁን አሥመራ መካኒክ ነው፤ ሲያናግሩት ቀኙን ያዞራል። ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም።

እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የማውቀው ሌላ ሰው ነው። እናቴ በአምስት ዓመቴ ስትሞት ብቻውን አሳደገኝ፣ አንድም ቀን እጁን አላነሳብኝም። ጨዋ ልጅ ስለነበርኩ እንዳይመስላችሁ! ቀልቃላ፣ አፈኛ፣ የያዝኩትን ሁሉ የምሰብር ነበርኩ። እና እንዴት ቻለኝ?

ሲናደድ መቃ ይቀርፃል። መቃ የሚጽፍበት የሸምበቆ ብዕር ነው። ቁጣው ሲመጣ ጆሮው ሥር ያለው ደም ሥር ይገተራል፤ አየዋለሁ። ከዚያ ቃል ሳይተነፍስ መደቡ ላይ ቁጭ ይላል፣ ካራውን ያወጣል፣ መቃውን ይቀርፃል። ጫፉ እስኪሾል፣ መሃሉ በልኩ እስኪሰነጠቅ ድረስ አይናገርም። በሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ መቃ አይቀረፅም፣ ይበላሻል። ከተበላሸ ከላይ ቆርጦ ይጥልና እንደገና ይጀምራል። አምስት ጊዜ የጀመረበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ የሰው ዳዊት ላይ ዶሮ የለቀቅኩ ቀን ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲጨርስ መቃውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል፣ "ነይ እስቲ ፈንታዬ" ይለኛል። ያኔ የሚናገረው ሁለት ሦስት ቃል ነው፤ ከዱላ በላይ ይሰማኝ ነበር፣ ግን ተሰብሬ አልወጣም። የተቆረጡትን ቁርጥራጮች አይጥላቸውም። ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ቅል ውስጥ ያጠራቅማቸዋል። ቅሉ ሞልቷል። የልጅነቴ ጥፋት ሁሉ እዚያ ቅል ውስጥ ነው ያለው።

ሌላም ዘዴ ነበረው። አራት የሰፈር ልጆችን ፊደል ያስቆጥር ነበርና ጦም ሲገባ ከቀትር በኋላ አያስተምርም። "ምነው መሪጌታ?" ሲሉት፣ "ሆዴ ባዶ ሲሆን እጄ ይቀድመኛል፤ ራሴን አውቀዋለሁ" ይላል። እንዲህ ብሎ በአደባባይ የሚናገር ወንድ አይታችኋል? እኔ አላየሁም። አንድ ቀን እንዴት እንደለመደው ብጠይቀው፣ "ቁጣ እግር የለውም ፈንታዬ፣ እጅ ብቻ ነው ያለው። እጁን ሥራ ካስያዝሽው የትም አይሄድም" አለኝ። ሳቅኩበት። ሰው በመቃ ይድናል እንዴ ብዬ ሳቅኩበት!

እንግዲህ ወደኔ ልምጣ።

ነርስነት ልማር ስገባ ልጄ ስንዱ ሦስት ዓመቷ ነበር። ባሌ ምትኩ ማኪና ነጂ ነው፤ አሥመራና ጎንደር ሲመላለስ በወር ሁለቴ ቢመጣ ነው። እኔና ስንዱ አባባ ቤት ነበርን። አማቴ እትዬ ብርቄ አምባ ጊዮርጊስ ናቸው። ትምህርቱን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። "ይሁን፣ ተማሪ" አሉኝ፣ "ግን ልጂቱ አንድ ነገር ብትሆን ያን ደብተርሽን ዘግተሽ እኔ ዘንድ ትመጫለሽ። ተስማማን?" ተስማማን አልኩ። በክፍሉ ውስጥ ባለልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌሎቹ ሲያጠኑ እኔ የልጅ ልብስ አጥባለሁ። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ እየተጠራቀመብኝ እንደነበር አውቅ ነበር ለማለት ነው። አውቅ ነበር። አባባ ራሱን እንደሚያውቀው እኔም ራሴን አውቅ ነበር፣ ግን ምንም አላደረግኩም።

ለፈተናው አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የሰው አጥንት ስም ሁሉ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከጓደኛዬ መጽሐፍ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብተሬ ላይ ገልብጬ ጨርሻለሁ፤ መጽሐፉንም መልሻለሁ። መስመር ላሰምር ማስመሪያ ይዣለሁ። ስንዱ የአባባን የቀለም ቀንድ በሁለት እጇ አቅፋ መጣች። "እኔም እጽፋለሁ" አለች። ደብተሬ ላይ ደፋችው።

ምን ታየኝ? ልጄ አልታየችኝም። ፈተናው ታየኝ፣ እትዬ ብርቄ ታዩኝ፣ ደብተሬ ሲዘጋ ታየኝ። ማስመሪያውን በጎኑ ግንባሯ ላይ አሳረፍኩት። መታኋት። በእጄ ነው፣ ሰይጣን አይደለም፣ ድካም አይደለም፣ እኔ ነኝ የመታሁ። መጀመሪያ አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከማን እንደመጣባት የምትፈልግ ትመስል ነበር። ከዚያ ደሙ መጣ።

አባባ ግቢው ውስጥ ብራና ወጥሮ ይፍቅ ነበር። ሮጦ ገባ። በነጠላው ጫፍ ግንባሯን ይዞ አቅፎ አባበላት፣ አጠባት፣ አስተኛት። ከዚያ መጥቶ ፊቴ ቁጭ አለና መቃና ካራ አስቀመጠልኝ።

"እንኪ፣ ቅረጪ።"

"አባባ ተወኝ! ነገ ፈተና አለብኝ!"

"ለሱ እኮ ነው የምልሽ።"

"እኔ ቁም ጸሐፊ አይደለሁም!" ብዬ መቃውን ወረወርኩት። አባባ ተነስቶ አነሳውና ራሱ መቅረፅ ጀመረ። ያን ቀን ስንቴ እንዳበላሸው ቁጥሩ ጠፋብኝ።

በማግስቱ ጧት፣ ደብተሬን ይዤ ልወጣ ስል፣ እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ቆመዋል። ለቅሶ ሊደርሱ ከአምባ ጊዮርጊስ በአውቶቡስ ገብተው፣ ልጂቱን ልሳም ብለው ነው። ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ ግንባሯ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አዩት።

"ምነው? ይቺን ልጅ ምን ነካት?"

ዓይናቸው ከልጂቱ ወደ መሬቱ ወረደ። መሬቱ ጥቁር ነው።

"ቀለም ነው ይሄ?"

"አዎ እትዬ፣ ቀለም ደፍታ…"

አልጨረስኩም። ወደ አባባ ዞሩ። "እሰይ መሪጌታ! ዛሬም ቀለም! የዚያ የልጅዎ ጆሮ አልበቃዎትም?" ከዚያ ወደኔ ተመለሱ። "እሳቸው ናቸው? አንቺ፣ ላንቺ እኮ ነው!"

አባባ አየኝ። አልተቆጣም፣ አልለመነኝም። ልጅ ሆኜ በሩ ላይ ቆሜ እሱን እንደምጠብቀው ጠበቀኝ። እውነቱን ብናገር ደብተሬ ያን ጧት ይዘጋል። እሱ ነው ብል ግን እሱ ምን ይጎድልበታል? ሰው እንደሆን ድሮም ልጅ መቺ ብሎታል። አስቡት፣ ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አስቤዋለሁ! ሳላስብ የመታሁ ሰው፣ አስቤ ዋሸሁ።

"አዎ፣ እሱ ነው" አልኩ።

አባባ ጎንበስ አለ። "ጥፋቱ ከዚህ ቤት ነው እሜቴ" አለ።

እትዬ ብርቄ "ጥፋቱ ያንቺ ካልሆነ አንቺ ተማሪ፤ ልጂቱ ግን እዚህ ቤት አታድርም" ብለው ልጄን አዝለው ወጡ። እኔ ፈተናዬን ተፈተንኩ። አለፍኩ፤ በሸጋ ነጥብ አለፍኩ።

ወሬው ሳምንት አልፈጀበትም። አራቱ ተማሪዎች አንድ በአንድ ቀሩ፤ የመጨረሻው እናት "መሪጌታ፣ ልጁ ትንሽ አሞት ነው" አለች፣ ልጁ ውጭ ሲሮጥ ይታየናል። ከዚያ የነፍስ አባታችን መጡ። "እጅህን ዳግመኛ በሕፃን ላይ ላታነሳ ቃል ገብተህልኝ አልነበር?" አሉት። "ገብቼ ነበር አባቴ" አለ። አርባ ቀን ጦም ከስግደት ጋር ሰጡት። ሰገደው። የኔን ቀኖና አባቴ ሰገደው! በዚያችው ቤት ውስጥ ግንባሩ መሬት ሲነካ እሰማለሁ፣ እኔ ደብተሬ ላይ አጎንብሼ አጥንት እቆጥራለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አርባው ሲያልቅ፣ "ለምን አልተናገርክም?" አልኩት። ተቆጥቼ ነው የጠየቅኩት፣ ይግረማችሁ።

"ሰው ስለኔ የሚለው እኮ ውሸት አይደለም" አለኝ። "ጊዜውን ብቻ ነው የተሳሳቱት። ያንቺን ግን አንቺ ትናገሪዋለሽ። እጠብቅሻለሁ።"

ሦስት ዓመት ጠበቀኝ። ስንዱ አምባ ጊዮርጊስ አደገች፤ እኔ በበዓል እሄዳለሁ፣ እሱ እንዲመጣ አልተጠራም። አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። ለመብራቴ ጋዝ ይሞላል፣ ሳጠና በእግሩ ጣት ይራመዳል። ይህን ሰው ነው "እሱ ነው" ያልኩ።

ትናንት የምርቃቴ ድግስ ነበር፣ እዚሁ ግቢያችን። እትዬ ብርቄ ስንዱን ይዘው መጡ። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ግንባሯ ላይ ቀጭን ጠባሳ አለ። ከበላን በኋላ ተነስተው መረቁኝ። "ልጂቱን ከክፉ እጅ አውጥተን ለዚህ አደረስናት፣ እናቷም ለወግ በቃች" አሉ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። አባባም አሜን አለ። ከኪሱ መቃ አወጣና "ነይ ስንዱዬ፣ ፊደል ላሳይሽ" አላት። ሮጣ ከኋላዬ ተደበቀች። ከዚያ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ፣ በሹክሹክታ፣ "እማዬ፣ አባባ ለምን መታኝ?" አለችኝ።

ረስታለች። ያኔ ቀና ብላ ያየችኝን ረስታለች። የነገሯትን አምናለች።

ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? እጄ ተነሳ። አዎ፣ አሁንም! ነጭ የነርስ ልብስ ለብሼ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ዝም በይ!" ብዬ እጄ ተነሳ። አየር ላይ እንዳለ አባባን አየሁት። እሱም እጄን እያየ ነው።

ቤት ገባሁ። መቃና ካራ አነሳሁ። የመጀመሪያውን አበላሸሁት። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ እጄ ዝም ሲል፣ የተናደድኩት በልጂቱ እንዳልሆነ ገባኝ። ከሦስቱ ቁርጥራጮች አንዱንም አልጣልኩም፣ ቅሉ ውስጥ ከአባባ ቁርጥራጮች ጋር ጨመርኳቸው። ቀና ስል ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ማንም አላስተማራትም።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"መቃ እየቀረፅኩ።"

"ስትጨርሺ ትነግሪኛለሽ?"

"እነግርሻለሁ" አልኩ። ሳልነግራት መሸ።

አሁን ጧት ነው። በዚያው መቃ ነው ይህን የምጽፈው። በመስኮቱ አያቸዋለሁ፤ እትዬ ብርቄ ጓዛቸውን እያሰሩ ነው፣ አውቶቡሱ ከቀትር በፊት ይነሳል። አባባ ብራናው ዘንድ ነው፤ ስንዱ ከአጥሩ ሥር ሆና ከሩቅ ታየዋለች። መጀመሪያ ለሷ ነው የምናገረው። ከዚያ ለእትዬ ብርቄ፤ ከዚያ አብረን ወደ ነፍስ አባታችን። ልጂቱን አልሰጥሽም ቢሉኝ በምን አፌ እከራከራለሁ? ምትኩ ሲሰማ ምን እንደሚል እንጃ። ደክሞኝ ነበር አልልም፣ ልጅ ነበርኩ አልልም። እናንተም አይዞሽ አትበሉኝ፤ ይቅር የምትሉት እናንተ አይደላችሁም፣ የሚለው ሰውዬ እዚያ ብራና እየፋቀ ነው።

የቤታችን ሕግ አንድ ነው፤ መቃው ሲሾል ይነገራል። ይሄ መቃ ከትናንት ጀምሮ ሾሏል። ከዚህ በላይ ብቆይ ፍርሃት ነው። ወጣሁ።