የጎባዋ ሃሎ

ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በሆነች ሰሞን ይርጋለም ገብረ መድኅን የምትባል ወጣት ስልክ ቤት ተቀጠረች። አባቷ ከመንዝ የመጡ ወታደር ነበሩ፤ ልጅ ሳለች ሞቱባት። እናቷ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ጎባ ተወልደው እዚያው ያደጉ ስለነበሩ፣ ልጅቱ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ትናገር ነበር። ሥራውን ያገኘችውም በዚሁ ነው። አዲስ አበባ ለጥቂት ወራት ሠልጥና ተመለሰችና መስመር የሚያገናኘው ሰሌዳ ፊት ተቀመጠች።

ከሥልጠናው ይዛ የመጣችው አንድ ቃል ነበር፤ «ሃሎ»። የጎባ ሰው ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማው ከእሷ አፍ ነው። ከገጠር የሚመጣው ሰው ስሟ መስሎት «ሃሎ የምትባለው ልጅ የታለች?» እያለ ይገባ ነበር። እሷም አቤት ትላለች። ቀጥሎ ቤቱ ራሱ ሃሎ ተባለ። «ከሃሎ በታች ያለው ጠጅ ቤት» ብሎ አቅጣጫ የሚያሳይ በዛ።

ከዚያ በኋላ ነው ቃሉ የከፋው። በዚያ ዘመን ከሩቅ የሚደወለው ለብርቱ ጉዳይ ነው፤ ብርቱ ጉዳይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሞት ነው። የስልክ ቤቱ ተላላኪ ረጋሳ የጥሪ ወረቀት ይዞ ከአንድ ደጃፍ ሲቆም፣ ማን እንደደወለ ሳይጠየቅ ልቅሶ ይጀመራል። ሰው ሲሞት «እነ እገሌ ቤት ሃሎ ገባ» ይባል ጀመር። ገበያ ላይ የተጣሉ ሴቶች እንኳ «ሃሎ ይግባብሽ!» ተባብለው ይራገሙ ነበር።

ይርጋለም ይህ ሁሉ በራሷ ላይ የተባለ ያህል ይሰማት ነበር። ጎረቤት ስትሄድ ወሬው ቀጥ ይላል። አንድ ቀን አሰፋች የምትባል ጎረቤታቸው ገና ከበር ስታያት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነሣች።

«ይርጌ፣ ምን ሰማሽ?»

«ምንም። ጨው አልቆብን ነው የመጣሁት።»

አሰፋች ጨዉን ሰጠቻትና በሩን ቶሎ ዘጋች።

ከሁሉ የከፋው ግን ዲንቄ ላይ የደረሰው ነው። ዲንቄ ከደሎ መና የሚመጣ ማር ጎባ ገበያ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ማሩን የሚልክላት ወንድሟ ቱፋ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ተጠርታ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች መጣች። የማሩ ነገር ነው ብላ ነበር። መነጋገሪያው ክፍል ገብታ «ሃሎ! ሃሎ!» ስትል ተሰማች። ወዲያው እጀታው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ማዶ ያለው ሰው ቱፋ መሞቱንና መቀበሩን ነግሯት መስመሩን ዘግቶታል።

ይርጋለም ሰሌዳውን ትታ ሮጠች። ዲንቄ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አልጮኸችም።

«ኦቦሌሳ ኮ» አለች፤ «ወንድሜ። እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው? ሰው እንኳ በሌለበት?»

ይርጋለም ክንዷን ይዛ ደገፈቻት። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ መጥቶ፣ ማልዶ መርዶ በሚነገርበት አገር ይህች ሴት የወንድሟን ሞት ከሽቦ ሰማች። ደግፋ ያነሣቻትም አንዲት የማታውቃት ልጅ ናት።

የይርጋለም እናት በዚያ ሳምንት «ተዪው ይህን ሥራ» አሏት። «ማን ደፍሮ ያገባሻል? ሰው ሲያይሽ ይደነግጣል።»

«እኔ ብተወው ሌላዋ ትቀመጥበታለች፤ ጥሪው አይቀርም» አለች ይርጋለም።

በዚህ መካከል ነው ሚስተር ቶማስ ያነጋገሯት። ሚስተር ቶማስ ሕንዳዊ ናቸው፤ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። አዲስ አበባ ያለ ወንድማቸውን ለማነጋገር አልፎ አልፎ ይመጡና መስመር እስኪገኝ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ቢሆንም ይሰማል።

«ሚስተር ቶማስ፣ ሃሎ በእንግሊዝኛ ምን ማለት ነው?» አለቻቸው።

«አሁን ሰላምታ ነው። ድሮ ግን ሰላምታ አልነበረም።» ተመቻቹና እንደ ክፍል ውስጥ ያስረዷት ጀመር። ከስልክ በፊት ጩኸት ነበር አሏት። መንገደኛ ወንዝ ዳር ሲደርስ ማዶ ያለውን ባለ ጀልባ እንዲህ ባለ ድምፅ ይጠራው ነበር ይባላል፤ አዳኞችም ውሾቻቸውን ያደፋፍሩበታል። በኋላ ሰው ድንገት ነገር ሲያይ በመገረም የሚለው ሆነ። ስልክ ሲመጣ ደግሞ የፈለሰፈው ሰው ራሱ መርከበኞች የሚጠራሩበትን ሌላ ቃል ወድዶ ነበር፤ ሰው ግን ሃሎን መረጠ፤ ሰላምታ የሆነውም ከዚያ ወዲህ ነው።

«ማን ለወጠው?» አለች።

«ማንም። የሚጠሩበት ነገር ሲለወጥ ቃሉም አብሮ ተለወጠ።»

መስመራቸው ስለተገኘ ወሬው በዚሁ ተቋረጠ። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ስታስበው ዋለች።

ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ ጥሪ መጣ። የሚፈለጉት አቶ ብዙነህ፣ በጡረታ ያሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ደዋዩ የበኩር ልጃቸው ባልደረባ ነበር።

«ልጃቸው አርፏል። አስጠሪልኝ።»

«ጌታዬ፣ ለእሳቸው በስልክ ሊነግሯቸው ነው?»

«ምን ላድርግ? መንገዱ ሩቅ ነው።»

«የነፍስ አባታቸውን ላስጠራልዎት? ለእሳቸው ይንገሯቸው።»

ሰውዬውም «እንዲያ ይሻላል» አላት።

የስልክ ቤቱ ኃላፊ አቶ ተክለማርያም ይህን ሲሰሙ አስጠሯት። ደንብ አክባሪ ሰው ናቸው።

«ጥሪ የሚሄደው ለተጠራው ሰው ነው። የሰው ምስጢር ለሌላ አይነገርም፤ ምለሻል።»

«እኔ ለማንም አልነገርኩም፣ ጌታዬ። ደዋዩን ጠየቅኩት፤ የሚያነጋግረውን ሰው የቀየረው እሱ ነው።»

«ለምን ጠየቅሽው?»

«ዲንቄ ስትወድቅ እርስዎ አልነበሩም» አለቻቸው።

አቶ ተክለማርያም ብዕራቸውን አገላበጡ። ይሁን አላሉም፤ አትጠይቂ ብለውም አልከለከሏትም።

በማግስቱ ማለዳ ቄሱና ጎረቤቶቹ አቶ ብዙነህ ቤት ገብተው መርዷቸውን ነገሯቸው። ልቅሶው ካለፈ በኋላ ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ስልክ ቤት መጡ። ይርጋለም ልትቀጣ የተጠራች ያህል ፈርታ ቆመች።

«አንቺ ነሽ የነፍስ አባቴ ይጠሩ ያልሽው?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ልጄን በሰው መካከል አለቀስኩት» አሏት። «እግዚአብሔር ይስጥሽ።» ወዲያው በከዘራቸው ተደግፈው ወጡ።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። የሞት ጥሪ ሲመጣ ይርጋለም ደዋዩን ትጠይቃለች፤ ደዋዩም ለቄስ፣ ለሽማግሌ ወይም ለእድር ዳኛ ይናገራል። ሰዉም ቀስ በቀስ ልብ አለ፤ ረጋሳ ወረቀት ይዞ ከመጣ ከዘመድ ማንም አልሞተም ማለት ነው። የወለደ ነው፣ ፈተና ያለፈ ነው፣ ወይም ማሩ መንገድ ላይ ነው። ጎባ ውስጥ «ዛሬ ሃሎ አለኝ» የሚል ሰው ደስ ያለው ሰው ሆነ። እርግማኑ ከገበያ ጠፋ። አሰፋችም አንድ ጠዋት አጥር ላይ ብቅ ብላ «ይርጌ፣ ለእኛ ሃሎ የለም?» ብላ ቀልዳባታለች።

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ የፈሩት አልደረሰም። ይርጋለም የስልክ እንጨት የሚተክለውንና ሽቦ የሚጠግነውን ለሜሳን አገባች። እሱ ጊኒር ሲመደብ እሷም እዚያው ስልክ ቤት ተዛወረች።

ጊኒር የነጋዴ አገር ነው። አቶ ከማለዲን የሚባሉ የከብት ነጋዴ በየገበያው ማግስት ይደውላሉ። እጀታውን ሲያነሡ ሃሎ አይሉም፤ «አሰላሙ አለይኩም» ይሉና መልስ ይጠብቃሉ። አብራት የምትሠራው ልጅ ሃሎ ማለት እንዳለባቸው እንድትነግራቸው ጠየቀቻት።

«ሰላምታ ከሰጡ ምን ይቀራል?» አለች ይርጋለም። «ወአለይኩም ሰላም» ብላ መለሰችላቸውና የፈለጉትን መስመር ሰጠቻቸው።